ለቅሶ የማይቀረው ኤሌክትሪሺያንና የአዴ ቦንቱ ቧንቧ

አዳማ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስፋልት ማዶ መረዳጃ ዕድር ሰብሳቢ
ለተከበሩ አቶ ዘካርያስ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዕድራችን ኤሌክትሪሺያን ስለመረጠልን የቀረበ ምስጋና

የተከበሩ ሰብሳቢያችን፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ነፋሻ ጥላ ሥር ተቀምጠው እንዲደርስዎ እመኛለሁ። የዘንድሮ የግንቦት ሙቀት ለእኛ ለተራ አባላት እንጂ ለኃላፊ የሚገባ አይደለምና እንዲራራልዎ እለምናለሁ። የኮሚቴው አባላት፣ መዝገቡ፣ ማኅተሙና የማኅተሙ ቀለም እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ጎረቤቴ አዴ ቦንቱም የግራ እጃቸው በጀሶ ከመታሰሩ በስተቀር ደህና ናቸው።

ከአባላቱ ብዛት የተነሳ ካላስታወሱኝ፣ እኔ ሸዋወርቅ ነኝ፤ ከሁሩታ ስንዴና ባቄላ አስጭኜ በጅምላ የምሸጠው፣ በስብሰባ ላይ ጥያቄ በጠየቅኩ ቁጥር «እሺ፣ ሌላ ሐሳብ ያለው?» የሚሉኝ ሴት። መጋዘኔን ከመዝጋቴ በፊት የዕለቱን ውሎ በደብተር የማስፈር የቆየ ልማድ አለኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችና ንግግሮች ከደብተሬ የተገለበጡ እንጂ በንዴት የተፈጠሩ አይደሉም። ንዴት የለኝም። ሰው የሚናደደው በሚያከብረው ሰው ነው።

ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ በግል ያላደረስኩልዎ በድፍረት አይደለም። እርስዎ ለአዴ ቦንቱ የጻፉት ደብዳቤ ሰኞ ዕለት በዕድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያነበው ቦታ ተለጥፎ ስላየሁ፣ የዕድራችን የአጻጻፍ ሥርዓት እንዲህ ነው ብዬ ነው። ከጎኑ ክፍት ቦታ ነበረ።

ያን ደብዳቤ ላላነበቡ አባላት ባጭሩ ልግለጸው። አዴ ቦንቱ ዕድሩ ከፈቀደው ባለሙያ ውጭ በቤታቸው የኤሌክትሪክ ሥራ ስላሠሩ፣ እሑድ ግንቦት 24 በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ከአባልነት እንዲሰረዙ ድምፅ ይሰጥባቸዋል። አዴ ቦንቱ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ልጅ የላቸውም፤ ባለቤታቸውን ከቀበሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የቀረ ወንድማቸውም ከአልጋ አይነሳም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳያሳልፉ ከፍለዋል። በዚህች ከተማ ቀን ሲደርስ የሚያነሳቸው ይህ ዕድር እንጂ ሌላ ማንም የለም። እርስዎም ይህን ያውቃሉ፤ ቅጣቱን የመረጡት ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ስለ ምርጫው።

ጥር 18 ቀን እሑድ በተደረገው ስብሰባ የቀረበው ችግር እውነተኛ ነበር። የራስ ቁር ደፍቶ፣ ሽቦ በትከሻው ጠምጥሞ «ቆጣሪ ላነብ ነው የመጣሁት» ያለ ሰው ከአንድ አባላችን ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን ይዞ ወጥቷል። ስለዚህ የምናውቀውና የምናምነው ኤሌክትሪሺያን ይኑረን ተባለ፤ እኔም በዚህ እጄን አውጥቻለሁ። ቀጥሎ ግን ኮሚቴው ታማኝ ባለሙያ እንዴት እንደሚመረጥ ለዓለም የሚተርፍ ዘዴ አገኘ፦ የቀብር መቆጣጠሪያ መዝገቡን ገለጠ። በቃለ ጉባኤው እንደተጻፈው፣ ማናሴ «በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀብር ያልቀረ፣ ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚደርስ፣ ሬሳ በመሸከም የማይሰለች» በመሆኑ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ከእሱ ጋር የታጨው ሌላው ልጅ በሙያው ተመርቆ ስድስት ዓመት በፋብሪካ የሠራ ነበር። ሰባት ቀብር ቀርቷል ተብሎ ወደቀ። ያን ጊዜ ሁሉ ፈረቃ ላይ እንደነበረ ሊያስረዳ ሲነሳ ጊዜ የለም ተባለ።

እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የማናሴን ሥራ ከፍቶ ያየ ሰው አለ ወይ? እርስዎም በትዕግሥት እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦ «ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ የድንኳኑን አምፖል ማን የሚሰቅል መሰለዎት?» ቤቱ ሳቀ። እኔም ተቀመጥኩ። በዚያ ቀን ገጽ ላይ «አምፖል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛ፦ ስለ ታማኝነት።

ማናሴ አይሰርቅም። በዚህ ማንም ቢጠይቀኝ እመሰክራለሁ፤ ከኪስዎ የወደቀ ሳንቲም እንኳ አሯሩጦ ይመልሳል። ነገር ግን ሚዛኑ የተዛባ ታማኝ ነጋዴ አውቃለሁ፤ በሐቀኝነት ነበር የሚያጎድለው። እኔ ስንዴ ስገዛ ሻጩ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ መስጊድ ይሰግዳል ወይ ብዬ አልጠይቅም። ሹል ብረቴን በጆንያው ሆድ ሰድጄ ከመሃል ያለውን እፍኝ አወጣለሁ፤ ላዩን ማሳመር ለማንም አያቅትም። እርስዎ ግን ጆንያውን ከነስፌቱ ሳሙትና ለሁለት መቶ ስድሳ አባወራ አከፋፈሉት። ይህን ያህል እምነት በሰው ላይ መጣል ለእኔ ዓይነቷ ተጠራጣሪ ሴት ትልቅ ትምህርት ነው፤ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ብሬከሩ።

በየካቲት ወር የአዴ ቦንቱ ውኃ መሳቢያ ፓምፕ ሲነሳ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገራቸው። በአዳማ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ስለሚያውቁ፣ ያለ ፓምፕ ሮቶው ባዶ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልገኝም። እሳቸውም በደንቡ መሠረት ማናሴን ጠሩ። ማናሴ ግማሽ ሰዓት ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ብሬከሩ አንድም ቀን አልወረደም። በሰፈሩ ሁሉ «ማናሴ የነካው መብራት አይቆራረጥም» ተብሎ ተወራ፤ እርስዎም በመጋቢት ስብሰባ ላይ ይህንኑ ጠቅሰው አስጨበጨቡለት።

ብሬከሩ ያልወረደው ስለሌለ ነው። ማናሴ ነቅሎ ጥሎት፣ ሁለቱን ሽቦ ቀጥታ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎ፣ ሳጥኑን ዘግቶ ሄዷል። ብሬከር ችግር ሲኖር መብራቱን ቆርጦ ሰው እንዲያድን የተሠራ ዕቃ ነው፤ እኛ ግን እሪ የሚል ዘበኛ ሲያስቸግረን ዘበኛውን አባርረን ሰፈሩ ጸጥ አለ ብለን ያጨበጨብን ሰዎች ነን። ካጨበጨቡት ውስጥ እኔም አለሁበት። መጋቢት 14፣ እሑድ፤ ደብተሬ አይዋሽልኝም።

አራተኛ፦ ስለ ቧንቧው።

የፓምፑ የውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ይነካ ነበር። ማናሴ ደግሞ ወደ መሬት መውረድ የነበረበትን አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ ከውኃ ቧንቧው ጋር አስሮት ነበር። የሚቆርጠው ብሬከር ስለሌለ፣ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር የአዴ ቦንቱ ቧንቧ እስከ መክፈቻው ድረስ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆማል። እሳቸውም ከዚህ ነገር ጋር ሁለት ወር ተኩል ኖረዋል። አንድ ቀን በአጥራችን በኩል ቧንቧውን በደረቅ ጨርቅ ይዘው ሲከፍቱ አይቼ ምን ሆነው ነው ብላቸው፣ «ጠዋት ጠዋት ይነካል፤ ከሰዓት ይተኛል» አሉኝ፤ ስለ አንድ ክፉ በሬ የሚነግሩኝ ይመስል። ለማናሴ ነግረውት እንደሆነ ስጠይቅም፣ «ነግሬዋለሁ፤ አዴ፣ ጫማ አድርገው ይክፈቱ አለኝ» አሉ። የዕድሩ ባለሙያ የሰጠው ምክር ስለሆነ የፕላስቲክ ጫማቸውን ከቧንቧው ሥር አኖሩት።

ግንቦት 5 ቀን ማክሰኞ ጠዋት ጫማቸውን ረስተው በእርጥብ መሬት ላይ ቆመው ከፈቱት። ጩኸት አልሰማሁም፤ የሰማሁት የባልዲ ድምፅ ነው። በአጥሩ በር ዞሬ ስደርስ ሦስት እርምጃ ያህል ተወርውረው፣ የግራ እጃቸው ከሥራቸው ገብቶ ተሰብሮ፣ «ሸዌ፣ ባልዲው ተሰበረ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ባልዲው ደህና ነበር።

ማናሴ ከሁሉ ቀድሞ ሊጠይቃቸው መጣ፤ በዚህ በኩል መዝገቡ አልተሳሳተም። ብርቱካን ይዞ ገባ፤ ግማሽ ቀን ተቀመጠ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። እንባውን የውሸት ነው አልልም። ምሳ ቀርቦ እጅ ለመታጠብ ሲነሳ ግን ወደ ቧንቧው አልሄደም። ከጀሪካን አስቀድቶ ታጠበ። የዚያን ቀን ገጽ ረጅም ነው፤ ከሁሉ ግን ይህችን መስመር ደጋግሜ አነባታለሁ።

አምስተኛ፦ ስለ ጥፋታችን።

ከዚህ በኋላ እኔ ሕግ ጣስኩ። ወደ መቂ ደወልኩ። የመቂ ሽንኩርት አምራች ፓምፑ ሁለት ቀን ከቆመበት ማሳው ስለሚደርቅ፣ ኤሌክትሪሺያን የሚመርጠው ለቅሶ ስለሚደርስለት አይደለም። አራት ሰው አነጋገርኩ። ማን ጎበዝ ነው ብዬ ግን አልጠየቅኩም፤ ሁሉም የአክስቱን ልጅ ይነግረኛል። የጠየቅኩት «አንድ ጊዜ ሠርቶላችሁ ሁለተኛ የጠራችሁት ማንን ነው?» ብዬ ነው። ሦስቱ ጉዲቱ አሉኝ።

ጉዲቱ ዓርብ ግንቦት 8 መጣች። ዋጋ ስጠይቃት «ሳላይ አልናገርም» አለች፤ ይህ ለነጋዴ ጆሮ ደስ የሚል መልስ አይደለም፣ ግን እምነት ያሳድራል። ከመንካቷ በፊት ከቆጣሪው አጠፋች፤ አጥፍታም ቢሆን ራሷን ሳታምን በመለኪያ አረጋገጠች። ሳጥኑን ከፍታ አየችና «ይህን የሠራው ሰው በሕይወት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ አንድም ቀብር አይቀርም አልኳት። ፓምፑን ፈታ የተላጠውን ሽቦ አሳየችኝና ለወጠችው፤ አዲስ ብሬከር አስገባች፤ እያንዳንዱ የየትኛው ክፍል እንደሆነ በላዩ ጻፈችበት። የአዳማ አፈር ላዩ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ እርጥቡ እስኪገኝ ድረስ በጥልቀት አስቆፍራ የመሬቱን ብረት ቀበረችና አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ ከቧንቧው ፈትታ ከብረቱ ጋር አሰረችው፤ ከሰልና ጨው ጨመረችበት፤ ውኃ አጠጣችው። ቅዳሜ ጠዋት ከመቂ ድረስ ተመልሳ መጥታ የራሷን ሥራ እንደገና ለካች። ከዚያም ባዶ እጇን በቧንቧው ላይ አድርጋ ለአዴ ቦንቱ «ይኸው፣ እማማ፤ አሁን የውኃ ቧንቧ ብቻ ነው» አለቻቸው።

የድፍረታችን መጠን ይህ ነው።

ስድስተኛ፦ ስለ ፍርዱ።

ደንባችን ለመጀመሪያ ጥፋት ማስጠንቀቂያ፣ ለሁለተኛ ጥፋት ስረዛ ይላል። አዴ ቦንቱ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው አያውቅም። ነገር ግን ኮሚቴዎ በጥልቀት መርምሮ፣ ጉዲቱ ዓርብና ቅዳሜ ስለመጣች ጥፋቱ ሁለት ነው ሲል ወሰነ። ሠርታ ጠፍታ ቢሆን ኖሮ አንድ ብቻ ይሆን ነበር። ሥራዋን መልሳ ለማየት በመምጣቷ አንዲት አሮጊት ያለ ቀባሪ ሊቀሩ ነው። እንዲህ ያለ ሒሳብ በእህል ገበያ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቼ አላየሁም፤ ያየሁት ደላላ ሁሉ ከዚህ በኋላ በዓይኔ ንጹሕ ነው።

ደብዳቤዎን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ጨርሼ ስመለከታቸው በጀሶው እጃቸው ላይ ሌላውን እጃቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ኋላ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «ሸዌ፣ ቧንቧው ቢገድለኝ ኖሮ ይቀብሩኝ ነበር አይደል? ስላሠራሁት ነው የማይቀብሩኝ?» የእርስዎን ያህል ትምህርት ስለሌለኝ ጥያቄውን በደብተሬ ጻፍኩት። እሑድ በጉባኤው ፊት እርስዎ ቢመልሱላቸው ባለውለታዎ ነኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን ከጨረስኩ በኋላ ጥቂት ነገር ላሳስብ።

ደንቡ የሚቀጣው ሥራውን ያሠራውን አባል ነው። ጉዲቱን የጠራኋት እኔ ነኝ፤ በሩን የከፈትኩላት፣ ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት፣ ቅዳሜም ተመልሰሽ ነይ ያልኳት እኔ ነኝ። አዴ ቦንቱ ዓርብ ዕለት ከጤና ጣቢያ በተሰጣቸው ማስታገሻ ፈዘው ከአልጋቸው አልወረዱም ነበር። ጥፋታቸው ቤቱ የእሳቸው መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ እሑድ ለመሰረዝ የሚቀርበው ስም የእኔ እንዲሆን በዚህ ደብዳቤ አመለክታለሁ፤ የእሳቸው ደብዳቤ ግን በለጠፈው እጅ ይነቀል። አይሆንም ተብሎ ሁለታችንም ከተሰረዝን፣ ለእሳቸው ቀን ድንኳኑን እኔ እከራያለሁ፤ ቀባሪም እኔው እጠራለሁ። ዕድሩ ባይመጣም ማናሴ እንደማይቀር አውቃለሁ።

ስለ ማናሴም ይህን ልበል። እሱን አልወቅሰውም። ሰው ሁሉ እያጨበጨበለት «አላውቅም» ለማለት ጠንካራ ልብ ይጠይቃል። አምፖል ይስቀል፤ ድንኳን ይትከል፤ በዚህ ከእሱ የሚሻል የለም። ነገር ግን ከጥር ወዲህ በስንት ግቢ ገብቶ ስንት ብሬከር «ዝም እንዳሰኘ» ዝርዝሩ በእርስዎ መዝገብ ውስጥ አለ። በዚያ ዝርዝር ላይ ያላችሁ አባላት ሆይ፣ ሰብሳቢውን ትቼ ለእናንተ ልናገር፦ ዛሬውኑ የቆጣሪያችሁን ሳጥን ዕውቀት ላለው ሰው አስከፍቱ። ራሳችሁ አትንኩ። የምትጠሩት ሰው ሳያይ ዋጋ ከነገራችሁ አመስግናችሁ ሸኙት። ሳያጠፋ ከነካም ሸኙት። የሚወርድ ብሬከርን ለምን ይወርዳል ብሎ ሳይፈልግ በትልቅ ሊቀይረው ካሰበ፣ የቀብር ቀሪ ቢኖርበትም ባይኖርበትም ሸኙት። የዕድሩን ደንብ ከፈራችሁ ደግሞ ጥፋቱን በእኔ ስም አስመዝግቡ፤ ሰፊ ትከሻ አለኝ፤ ጆንያ የለመደ ነው።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ላሳዩን አርቆ አሳቢነት፣ ለሰጡን ጭብጨባ፣ አንዲት ሴት ቧንቧ ከፍታ ውኃ እንድትቀዳ የሚከለክል ደንብ በማኅተም አስደግፈው ስላወጡልን፣ የሚመጥን ቃል እስካገኝ ድረስ በዚህ ልሰናበትዎ።

መዋጮዬን በቀኑ የምከፍል፣ ከስብሰባ ቀርቼ የማላውቅ፣ በዚህም ምክንያት በእርስዎ መለኪያ በማንኛውም ሙያ ልትመረጥ የምትችል ታዛዥ አባልዎ፣

ሸዋወርቅ ገብረወልድ
የእህል ነጋዴ

ማስታወሻ፦ (ሐሙስ ግንቦት 21 የተጨመረ) ደብዳቤውን ለመለጠፍ ስወጣ ክብርት ባለቤትዎ ወይዘሮ ሮማነወርቅ መጋዘኔ ድረስ መጥተው የጉዲቱን ስልክ ቁጥር ጠየቁኝ። እርስዎ ለጉልበትዎ ሶደሬ ፍል ውኃ ወርደው ነበር። ጉዲቱ ለሌላ ሥራ አዳማ ስለነበረች ወዲያው ደረሰች። እኔ በጓሮ በር ብትገባ ይሻላል ብል ባለቤትዎ «በፊት ለፊት ትግባ፤ በሲሊፐር ሁለት ወር የታጠብኩት እኔ ነኝ» ብለውኛል። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝም ራሳቸው ናቸው፤ ስማቸው ሳይዛነፍ እንዲሰፍር አደራ ብለዋል። በእርስዎም ሳጥን ውስጥ ብሬከር አልተገኘም፤ አሁን አለ። ነገ ከሶደሬ ተመልሰው ሻወር ሲገቡ ውኃው ሳይነዝርዎት ዝም ብሎ ቢወርድ አይደንግጡ።